ፍተሻው እስከ የት? የአየር ማረፊያ ደኅንነትና የመንገደኛው መብት

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ድምፁ ቀስ እያለ ይወርዳል)

 

ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ዋሽንግተን የሚበር መንገደኛ ተርሚናሉ በር ላይ አንድ ጊዜ፣ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ደግሞ እንደገና ይፈተሻል። ቀበቶውን ይፈታል፣ ኪሱን ያራግፋል፣ ላፕቶፑን ከቦርሳው ያወጣል፣ እጁን ዘርግቶ ይዳሰሳል። እናቱ የቋጠሩለት ማርና ንጥር ቅቤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ በእጅ ሻንጣ አያልፍም። በርበሬውና ሽሮውም ከ350 ሚሊ ሊትር ማለትም ከአንድ የለስላሳ ጣሳ ከበለጠ ተጨማሪ ምርመራ ሊደረግበት ይችላል። ይህ የዱቄት ነገር ደንብ ወደ አሜሪካ በሚሄዱ በረራዎች ላይ የተጀመረው በ2018 ነው።

ይህን ሁሉ ብዙዎቻችን ሳናጉረመርም እናልፈዋለን። በሰማይ ላይ ሳለን አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ምንም አደገኛ ነገር አለመያዙን እርግጠኛ መሆን እንፈልጋለንና። ይሁን እንጂ ሰውነታችን የራሳችን ነው፤ ቦርሳችን፣ ፖስታችን፣ ስልካችንም የግላችን ነው። መንግሥት እነዚህን ያለ በቂ ምክንያት እንዳይነካ ሕግ ያግደዋል። ታዲያ አየር ማረፊያ ስንደርስ ይህ እገዳ የት ይሄዳል?

የዛሬው ዝግጅታችን ይህን ይመለከታል። ብዙውን ምሳሌ የማመጣው ከአሜሪካ ነው፤ ጉዳዩ እዚያ በፍርድ ቤት በዝርዝር ክርክር ተደርጎበታልና። ወደ አገራችንም እመለሳለሁ። ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ፍተሻ ያስፈልጋል፣ ወሰኑን የሚያገኘው ግን ከዓላማው ነው። አውሮፕላኑን ከአደጋ ለመጠበቅ የተፈቀደ ፍተሻ ለሌላ ነገር ሲውል መብትን ይጥሳል፤ ደኅንነቱንም አያጠነክረውም። በነገራችን ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ካልተናገርኩ በቀር የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ከመነሻው እንጀምር። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አውሮፕላን መሳፈር አውቶቡስ ከመሳፈር ብዙም አይለይም ነበር። ትኬት የያዘ ሰው ሳይፈተሽ ይገባል። ከ1968 እስከ 1972 ባሉት ዓመታት ግን ከመቶ በላይ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ተጠለፉ ወይም የጠለፋ ሙከራ ተደረገባቸው። አየር መንገዶቹ መንገደኛ ይሸሻል ብለው ስለሰጉ አጠቃላይ ፍተሻን ለረጅም ጊዜ ሲቃወሙ ቆዩ።

አቋማቸውን ያስለወጣቸው በኅዳር ወር 1972 የደረሰው ጠለፋ ነው። ሦስት ሰዎች የሳውዘርን ኤርዌይስን አውሮፕላን ጠልፈው ከአንድ ቀን በላይ ከከተማ ወደ ከተማ አዞሩት፤ ቴኔሲ ውስጥ ኦክ ሪጅ በተባለው ስፍራ ባለው የኑክሌር ተቋም ላይ እንከሰክሰዋለን ብለውም ዛቱ። አውሮፕላን ራሱ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ ታየ። ከጥር 5 ቀን 1973 ጀምሮ በአሜሪካ እያንዳንዱ ተሳፋሪና የእጅ ሻንጣው እንዲፈተሽ ታዘዘ።

በዚያው በ1972 መጨረሻ ላይ የእኛም ሰማይ ሰላም አልነበረም። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. የተማሪው ንቅናቄ ታጋዮች ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱ የነበሩበት የሰባት ወጣቶች ቡድን ከአዲስ አበባ የተነሣውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ለመጥለፍ ሞከረ። አውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩ የጸጥታ ሰዎች ተኩስ ከፈቱ፤ በተፈጠረው ግጭት ዋለልኝና ማርታን ጨምሮ ከጠላፊዎቹ አብዛኞቹ ሞቱ፣ የእጅ ቦምብም አውሮፕላኑ ውስጥ ፈነዳ። አብራሪዎቹ ግን አዲስ አበባ መልሰው አሳረፉት። ስለዚያ ዘመን ፖለቲካ የየራሳችን አስተያየት ሊኖረን ይችላል። መሣሪያ ይዞ የሚገባን ሰው አውሮፕላን ውስጥ ከመጋፈጥ መሬት ላይ ማስቀረት የሁሉንም ነፍስ እንደሚያተርፍ ግን አንከራከርም።

በ1974 ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሞንትሪያል የሆነው ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የበረራ ደኅንነትን የሚመለከተውን አባሪ 17 አጸደቀ። ዛሬ ከአገር አገር የምናየው ፍተሻ የሚመሳሰለው አባል አገሮች ይህን አባሪ ስለሚከተሉ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛ ማሻሻያ ምክንያታዊ ያልሆነ ብርበራን ይከለክላል። በተለመደው አሠራር ፖሊስ አንድን ሰው ለመበርበር ጥርጣሬ የሚያሳድር ምክንያት፣ ብዙ ጊዜም የዳኛ ማዘዣ ያስፈልገዋል። አየር ማረፊያ ላይ ግን ማንም ሳይጠረጠር ሁሉም ይፈተሻል። ይህ እንዴት ተፈቀደ?

መልሱን በ1973 የሰጠው የሳን ፍራንሲስኮው ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ የአየር ማረፊያ ፍተሻ ወንጀለኛ ለማደን የሚደረግ ሳይሆን አደጋን ለመከላከል የሚደረግ አስተዳደራዊ ፍተሻ ነው አለ፤ ነገር ግን ሦስት ገደቦች አበጀለት። አንደኛ፣ መሣሪያና ፈንጂ ለማግኘት ከሚያስፈልገው በላይ ጠልቆ አይሂድ። ሁለተኛ፣ በቅን ልቦና ለዚሁ ዓላማ ብቻ ይዋል። ሦስተኛ፣ መፈተሽ ያልፈለገ ሰው ጉዞውን ትቶ መመለስ ይችል።

ሦስተኛው ገደብ በኋላ ጠብቧል። ያው ፍርድ ቤት በ2007 አንድ ሰው ፍተሻውን አንዴ ከጀመረ በኋላ አልፈልግም ብሎ መሄድ አይችልም ሲል ወሰነ። ምክንያቱም አሳማኝ ነው፤ መሃል ላይ ማቋረጥ ቢፈቀድ ክፉ ያሰበ ሰው ሊያዝ ሲል እየወጣ፣ ሌላ ቀን እየተመለሰ የጥበቃውን ክፍተት ያጠናል።

ሁለተኛው ገደብ፣ የዓላማው ገደብ፣ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ታሪክ ላሳያችሁ። መጋቢት 2009 ነው፤ ቦታው የሴንት ሉዊስ አየር ማረፊያ። አንድ ወጣት ከፖለቲካ ስብሰባ እየተመለሰ፣ ከስብሰባው የተገኘ 4,700 ዶላር ያህል በብረት ሣጥን ይዞ ፍተሻ ላይ ይደርሳል። ሣጥኑ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ እንጂ መሣሪያ አልነበረም፤ በአገር ውስጥ በረራ ይህን ያህል ገንዘብ መያዝም አልተከለከለም። ፈታሾቹ ግን ወደ ክፍል አስገብተው ከየት አመጣኸው፣ የት ነው የምትሠራው እያሉ ደጋግመው ጠየቁት። እሱም ይህን የመመለስ የሕግ ግዴታ አለብኝ ወይ እያለ መልሶ ይጠይቃቸው ነበር፤ ስልኩም ድምፁን ይቀዳ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ካቆዩት በኋላ ለቀቁት። ወጣቱ በሲቪል መብቶች ተሟጋቾች በኩል ክስ አቀረበ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር፣ በተለምዶ ቲኤስኤ የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ መመሪያውን አሻሻለ፤ ፍተሻ ከትራንስፖርት ደኅንነት ጋር ግንኙነት የሌለውን ወንጀል ለመፈለግ እንደማይደረግ ለሠራተኞቹ በግልጽ ጻፈ።

በዚያው በ2009 ኦሃዮ ውስጥ አንድ ፌዴራል ዳኛ ፈታሾች የአንድ መንገደኛን ፖስታዎች ከፍተው ያገኟቸውን ፓስፖርቶች በማስረጃነት አልቀበልም አሉ። ፖስታዎቹ መሣሪያም ፈንጂም እንዳልያዙ እየታወቀ ፍለጋው በመቀጠሉ ወሰኑን አልፏል ሲሉ ፈረዱ። ልብ በሉ፣ ፈንጂ በሚፈለግበት ተገቢ ፍተሻ መሃል ሕገ ወጥ ነገር ቢገኝ ፈታሹ ለፖሊስ ከማሳወቅ አይከለከልም። የተከለከለው ፈንጂን ምክንያት አድርጎ ሌላ ነገር ማደን ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከመስከረም 11 ቀን 2001 በኋላ ግን ይህ ወሰን ከባድ ፈተና ገጠመው። 19 ጠላፊዎች በአራት አውሮፕላኖች ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎችን ገደሉ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ቲኤስኤን የሚያቋቁመው ሕግ ጸደቀ። በታኅሣሥ 2001 አንድ ሰው ጫማው ውስጥ ፈንጂ ደብቆ ተገኘ፤ ጫማችንን ማውለቅ ጀመርን። በነሐሴ 2006 ለንደን ላይ የፈሳሽ ፈንጂ ሤራ ተደረሰበት፤ የ100 ሚሊ ሊትሩ ደንብ መጣ። በ2009 የፈረንጆች ገና ዕለት ከአምስተርዳም ወደ ዲትሮይት ሲበር የነበረ ወጣት የውስጥ ልብሱ ውስጥ የደበቀውን ፈንጂ ለማቀጣጠል ሞከረ፤ ሙሉ ሰውነትን የሚያሳየው ስካነር በየአየር ማረፊያው ተዘረጋ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አብዛኛው ደንብ የተከተለው ትናንት የደረሰውን አደጋ ነው። የጫማው ደንብ አሜሪካ ውስጥ የተነሣው በሐምሌ 2025 ነው፤ ደንብ አንዴ ከገባ ለመውጣት ምን ያህል ዓመት እንደሚወስድ ከዚህ ማየት ይቻላል።

ስለ ስካነሩ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ የሚያስተምር ነገር አለውና። የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች በልብስ ሥር ያለውን የሰውነት ቅርጽ አጉልተው ያሳዩ ነበር። አንድ ሠራተኛ በሌላ ክፍል ተቀምጦ የእናቶችን፣ የልጆችን፣ የአረጋውያንን ገላ ምስል ያያል ማለት ነው። በነጠላዋ ተሸፍና ለምትሄድ እናት፣ ፀጉሯን በሂጃብ ለምትሸፍን ሙስሊም እኅት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ተቃውሞ ተነሣ፣ ክስም ተመሠረተ። የዋሽንግተን ዲሲ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2011 ሁለት ነገር ወሰነ። ስካነሩ ብረት ያልሆነ ፈንጂ ስለሚያገኝና ያልፈለገ መንገደኛ በእጅ መፈተሽን መምረጥ ስለሚችል ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። ነገር ግን መንግሥት ይህን ያህል ሰው የሚነካ አሠራር ሲጀምር የሕዝብ አስተያየት አለመጠየቁ ስሕተት ነው አለ።

በ2012 ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት ማሽኖቹ የእውነተኛውን ሰው ገላ ማሳየታቸውን እንዲያቆሙ በሕግ አዘዘ። ይህን ማሟላት ያልቻሉት ማሽኖች በ2013 ከአየር ማረፊያዎች ተነሡ። ዛሬ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ለሁሉም መንገደኛ አንድ ዓይነት የሆነ የሰው ሥዕል ነው፤ አጠራጣሪ ነገር ካለ ሥዕሉ ላይ ቦታው በምልክት ይጠቆማል፣ ፈታሹም ያን ቦታ ብቻ ይመለከታል። የመንገደኛው ክብር ተጠበቀ፣ ፍተሻውም አልቀረም። ይህ የሆነው ሰዎች ስለ መብታቸው ስለተናገሩ ነው። መብትን ማክበር ሁልጊዜ ደኅንነትን ያሳንሳል ለሚለው ሰው ስካነሩ በቂ መልስ ነው።

በአንጻሩ ሰውን ማስጨነቅ በራሱ ደኅንነት አያመጣም። የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር መርማሪዎች መንገደኛ መስለው መሣሪያና ሐሰተኛ ፈንጂ ለማሳለፍ ያደረጉት የምስጢር ሙከራ ውጤት በ2015 በመገናኛ ብዙኃን ሲወጣ፣ ከ70 ሙከራ 67ቱ ሳይያዙ ማለፋቸው ተዘግቧል። ረጅሙ ሰልፍ፣ ጫማ ማውለቁ፣ ቀበቶ መፍታቱ እያለ ነው ይህ የሆነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ማን ይፈተሽ የሚለው ነው። ሁሉንም ከማስቸገር የሚያጠራጥሩትን ለይቶ መፈተሽ አይሻልም ወይ የሚሉ ሰዎች አሉ። በግንቦት 1972 የሆነውን እንመልከት። ዛሬ ቤን ጉሪዮን በሚባለው የእስራኤል አየር ማረፊያ ከሮም የመጡ ሦስት ጃፓናውያን ሻንጣቸውን ከተረከቡ በኋላ ጠመንጃ አውጥተው 26 ሰዎች ገደሉ። ጥበቃዎቹ አደጋን ከጃፓናውያን አልጠበቁም ነበር። በ1986 ለንደን ሂትሮው ላይ ደግሞ አንዲት ነፍሰ ጡር አየርላንዳዊት ወደ ቴል አቪቭ ልትበር ስትል፣ የእስራኤሉ አየር መንገድ የኤል አል ጥበቃዎች በጥያቄና በሻንጣ ምርመራ ፈንጂ አገኙ። ፈንጂውን ሳታውቀው የጫነባት እጮኛዋ ነበር። መልኳንና ዜግነቷን ብቻ አይተው ቢሆን ኖሮ በሰላም ሂጂ ይሏት ነበር። በዘርና በመልክ የሚለይ ፍተሻ ንጹሑን ያዋርዳል፣ ያልተገመተውን አጥፊ ደግሞ ያሳልፋል።

በሁኔታቸው እንለያለን የሚለውም ዘዴ ብዙ አላስኬደም። ቲኤስኤ የመንገደኞችን ፊትና እንቅስቃሴ እያዩ ተጠርጣሪ የሚለዩ ሠራተኞች አሠማርቶ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2013 ባወጣው ሪፖርት ከ2007 ጀምሮ 900 ሚሊዮን ዶላር ያህል የወጣበት ይህ ዘዴ መሥራቱን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ገንዘቡ እንዲገደብ መከረ። የሚርበተበት ሰው ሁሉ ክፉ አይደለም። የመጀመሪያ በረራዋ የሆነ፣ ቋንቋ የማታውቅ፣ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የምትሄድ ወጣት መርበትበቷ ምን ይደንቃል?

ከሁሉም የከፋው ግን በጓዳ የሚጻፍ ስም ነው። አሜሪካ እንዳይበሩ የተከለከሉ ሰዎች ዝርዝር አላት። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርቷን ስትከታተል የነበረች አንዲት ማሌዥያዊት በ2005 ሳን ፍራንሲስኮ አየር ማረፊያ ላይ በዚህ ምክንያት ተይዛ ታሰረች። ከዓመታት ክርክር በኋላ፣ በ2014፣ ፍርድ ቤት እውነቱን ይፋ አደረገ፤ አንድ የኤፍቢአይ ሠራተኛ ቅጽ ሲሞላ በተሳሳተ ሣጥን ላይ ምልክት አድርጎ ነበር። ስሕተቱ የአንድ ደቂቃ ነው፤ እሷ ግን ወደ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ፈጀባት። በዚያው ዓመት የኦሪገን ፌዴራል ፍርድ ቤት የዚህ ዝርዝር የአቤቱታ ሥርዓት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ፈረደ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካውያን አቤት ሲሉ ዝርዝሩ ላይ መሆን አለመሆናቸው ይነገራቸዋል። በ2024 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ፣ መንግሥት የአንድን ሰው ስም ከዝርዝሩ ስለሰረዘ ብቻ ክሱ አይዘጋም፣ ድጋሚ እንደማያደርገው ማሳየት አለበት ሲል ወሰነ። ከሳሹ ከሱዳን የተሰደደ የፖርትላንድ ነዋሪ አሜሪካዊ ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ አገራችን እንመለስ። ኅዳር 23 ቀን 1996 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የተጠለፈውን አውሮፕላን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ሦስቱ ጠላፊዎች ቦምብ ይዘናል ይበሉ እንጂ ያስፈራሩበት የመጠጥ ጠርሙስ ነበር፤ መጥረቢያውንም ያገኙት እዚያው አውሮፕላን ውስጥ ነው። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ አልቆ ሞተሮቹ ሲጠፉ ኮሞሮስ ባሕር ላይ አሳረፉት፤ ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። መንገደኛውን አብዝቶ ማራቆት ያንን አደጋ አያስቀረውም ነበር። ሊያስቀረው ይችል የነበረው ከ2001 በኋላ በየአውሮፕላኑ የተገጠመው ጠንካራ የአብራሪዎች ክፍል በር ነው። ደኅንነት ከፍተሻው መስመር በላይ መሆኑን የእኛው ታሪክ ያስተምረናል።

ሕጋችንስ ምን ይላል? በእኛ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የሰው ገላ፣ ቤትና ንብረት ከመበርበር የተጠበቀ መሆኑን ይደነግጋል፤ ይህ መብት የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ መሠረት ብቻ መሆኑንም ይናገራል። አንቀጽ 32 የመዘዋወርና ከአገር የመውጣት ነጻነትን ያረጋግጣል። የጣት አሻራና የፊት ምስልን ለመሰሉ መረጃዎችም በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እኛ ባንክ ስንገባ፣ ሆቴል ስንገባ፣ ስታዲየም ስንገባ መፈተሽን ለምደናል። መልመዳችን ግን እነዚህን አንቀጾች ሊያስረሳን አይገባም።

እንግዲህ በማንኛውም የፍተሻ መስመር ላይ ስትቆሙ አራት ነገር ጠይቁ። የሚፈለገው ነገር ለአውሮፕላኑ አደጋ የሚሆን ነው ወይ? ፍተሻው በሚያስፈልገው ልክ የተወሰነ ነው ወይ? ለሁሉም እኩል ነው ወይ? ስሕተት ቢፈጠር አቤት የሚባልበት ቦታ አለ ወይ? የአራቱም መልስ አዎ ከሆነ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ በደስታ ተፈተሹ፤ የምትተባበሩት ለራሳችሁና ለጎረቤታችሁ ነው።

በተለይ አሜሪካ ያላችሁ አድማጮቻችን እነዚህን ያዙ። በእጅ መፈተሽ ካለባችሁ ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ ይፈትሻል። ለብቻ በተከለለ ክፍል እንዲሆንና የምታምኑት ሰው አብሯችሁ እንዲገባ መጠየቅ ትችላላችሁ። ፊታችሁን ካሜራው እንዲለይ ካልፈለጋችሁ መታወቂያችሁን በተለመደው መንገድ እንዲያዩላችሁ ጠይቁ። ያለ ምክንያት በየጉዞው እየተለያችሁ የምትቆሙ ከሆነ ለአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር አቤቱታ አቅርባችሁ፣ ቀጣይ ትኬት ስትቆርጡ የምታስመዘግቡትን መለያ ቁጥር ተቀበሉ። ፍተሻው መስመር ላይ ስለ ቦምብ መቀለድ ግን በየትኛውም አገር አደገኛ ነው፤ ልጆቻችሁንም አስጠንቅቁ።

ፈታሾችም ብታዳምጡን አንድ አደራ አለን። በቀን ሺህ ሰው በእጃችሁ ያልፋል። ለእናንተ የዕለት ሥራ ነው፤ ለመንገደኛው ግን ገላው ነው። ምን እንደምታደርጉ አስቀድማችሁ ንገሩት። የተከበረ መንገደኛ ይተባበራል፣ ያየውንም አጠራጣሪ ነገር ይጠቁማል። የቱም ማሽን የማይተካው ጥበቃ ይኸው ነው።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)